«ገንዘብ አትላኪልኝ፣ ገዢ ፈልጊልኝ»

ስልኩ የተደወለው ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነበር። ደዋዩ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ጋሼ ሰላምታ ማሳጠር አይወዱም። የእኔን ጤና፣ የልጆቼን፣ የባለቤቴን፣ የብርዱን ነገር አንድ በአንድ ጠይቀው ሲጨርሱ ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። ያን ቀን ግን «እንዴት ከረምሽ» ብለው ትንሽ እንኳ ሳይቆዩ «ዲከረንሱ ታመመብኝ» አሉኝ።

ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች እንዲህ ያለ ስልክ ሲደርሰን ቶሎ የምናስበው ስለምንልከው ገንዘብ ነው። እኔም ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ «ስንት ልላክልዎ ጋሼ?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ገንዘብ አትላኪልኝ። ገዢ ፈልጊልኝ» አሉ።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ትንሽ ተናደድኩ። ስዊድን ተቀምጬ ለጎጃም እንጨት ከየት ነው ገዢ የማመጣው? ነገር ግን ቤቴ ደርሼ ጃኬቴን አውልቄ ሙቀቱ ሲቀበለኝ፣ ነገሩን ከማውቀው ይልቅ የማላውቀው እንደሚበዛ ገባኝ። ምክንያቱም የእኔን ቤት የሚያሞቀውም እንጨት ነው፤ ያውም ማንም የማይፈልገው ዓይነት እንጨት።

ቤቴን የሚያሞቀው ቅርንጫፍ

የምኖረው በደቡብ ስዊድን፣ ስሞላንድ በሚባለው አካባቢ፣ ቬክሾ ከተማ ነው። ከስዊድን መሬት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ደን ሲሆን፣ ከከተማችን በየትኛውም አቅጣጫ ቢወጡ ብዙ ሳይቆዩ ጥድ መሳይ ረጃጅም ዛፎች ውስጥ ይገባሉ። ክረምት ላይ ቤታችን የሚሞቀው ከአንድ ማእከላዊ ጣቢያ በመንገድ ሥር በተዘረጋ ቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። ጣቢያው ድሮ የሚሠራው በነዳጅ ዘይት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ግን እንጨት ማንደድ ጀመረ። የሚነደው ጣውላ የሚወጣው ግንድ ሳይሆን ቅርንጫፍ፣ ጫፍ፣ ቅርፊትና የመጋዝ ብናኝ ነው። ብዙ ዓመት በዚህ ሙቀት ስኖር አንድም ቀን «ከየት ይመጣል?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። እዚያ ከምንከባከባቸው አንዱ አዛውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ ትንሽ ደን ሲያስተዳድሩ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ጋሼ በደወሉ ማግስት ቁርሳቸውን ሳቀርብላቸው ስለ አጎቴ ዛፍ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ሲበራ አየሁ፤ ስለ ደን የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ ቆይተዋል መሰለኝ።

እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ደን ሲያድግ ይጠባበቃል፤ ስለዚህ ጥሩዎቹ ዛፎች እንዲወፍሩ በየጊዜው ቀጫጭኑንና ጠማማውን መቁረጥ ግድ ነው። ችግሩ ይህ የሚቆረጠው እንጨት ርካሽ ነው። አንዳንዴ የሚሸጥበት ዋጋ የቆራጩንና የጫኚውን ሒሳብ እንኳ አይሸፍንም። ታዲያ እንዳይከስሩ የሚያደርጉት፣ እንጨቱን መንገድ ዳር ላይ መለየት ነው። ወፍራምና ቀጥ ያለው ለመሰንጠቂያ፣ ቀጭኑ ለወረቀት ፋብሪካ፣ ቅርንጫፉና ጫፉ ደግሞ ተከምሮ፣ ከላይ በወረቀት ተሸፍኖ፣ በጋውን ሲደርቅ ቆይቶ ለማሞቂያ ጣቢያ ይሄዳል።

ከዚያም እ.ኤ.አ. ጥር 2005 ስለመጣው ማዕበል አወሩኝ። ጉድሩን ይሉታል። ማዕበሉ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ጣለ፤ ይህ መላ አገሪቱ በአንድ ዓመት ከምትቆርጠው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሻጭ ሆነ። ቢሆልማ በሚባል ቦታ፣ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የግንድ ክምር ተሠርቶ እንዳይበላሽ ውሃ ይረጭበት ነበር። «ያን ጊዜ ብቻዬን ብሆን ኖሮ እንጨቴ ጫካ ውስጥ ይበሰብስ ነበር» አሉኝ። እሳቸው ግን የሶድራ አባል ነበሩ። ሶድራ እ.ኤ.አ. በ1938 የተቋቋመ የደን ባለቤቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን ዛሬ 50 ሺህ ያህል አባላት አሉት፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ቬክሾ ነው።

በመጨረሻ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ። የአጎትሽ እንጨት ውፍረቱ ምን ያህል ነው? ገዢው በምን ያህል ርቀት ላይ ነው ያለው? ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ጥያቄዎቹን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ፣ ያጠራቀምኩትን የዓመት ፈቃድ ይዤ፣ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር አገሬ ገባሁ።

ከባሕር ዳር ወደ አዊ

ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ መራዊን፣ ዱርቤቴንና ዳንግላን አልፎ ወደ አዲስ ቅዳምና እንጅባራ ይዘልቃል። ከዳንግላ በኋላ መሬቱ ከፍ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። ከመስኮቱ ውጭ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ ስመጣ የማውቃቸው ኮረብታዎች ጎርፍ የሸረሸራቸው፣ ከጥቂት በጎች በስተቀር ምንም የማይታይባቸው ነበሩ። አሁን ግን ከግርጌ እስከ አናት አረንጓዴ ለብሰዋል። በየመንገዱ ዳር ደግሞ የከሰል ማዳበሪያዎች አፋቸው በቅጠል ተወትፎ ተደርድረው መኪና ይጠብቃሉ።

ይህን ያመጣው ዲከረንስ ነው። አገሩ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። ሥሩ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈር ስለሚሰጥ፣ አሲዳማ ሆኖ ገብስ እንኳ አላበቅል ባለ መሬት ላይ ያድጋል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ አተካከሉን እንደ እህል ፈረቃ አድርጎታል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ጤፉን ያጭዳል። ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው እርሻው ላይ ያከስለዋል። ከዚያ መሬቱን አርሶ እንደገና ጤፍና ችግኝ ይተክላል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያደጋችሁ አንባቢያን፣ እናታችሁ ቡና ያፈላችበት ከሰል ከዚህ የሄደ ሊሆን ይችላል።

«በቁሙ ሽጥልኝ»

የጋሼ ዲከረንስ ያለው ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር መሬት ላይ ነው። ሊቆረጥ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነገር ተለጥፏል፤ ነካ ሲያደርጉት ጣት ላይ ይቀራል። በሽታው ፈንገስ ነው፤ ስንዴን እንደሚመታው ዋግ ዓይነት። ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ይወርዳል። ዛፉ ቆሞ ከደረቀ ደግሞ ነፍሳት ይገቡበታል፤ ከሰሉም ይቀልላል። ስለዚህ መቁረጥ ያለበት አሁኑኑ ነው። ይህን ያወቀው ግን ጋሼ ብቻ አይደሉም፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥረቢያውን ስሏል። እኔም የቢሆልማ ክምር ትዝ አለኝ።

አንድ ደላላ ቀደም ብሎ መጥቶ «በቁሙ ሽጥልኝ» ብሏቸዋል። ያቀረበው ዋጋ ከሁለት ዓመት በፊት ለጤነኛ ዛፍ ይከፈል ከነበረው ከግማሽ በታች ነበር። ይህ ገንዘብ ደግሞ ቦታው ተቆርጦ የተቀመጠ ነው፤ የጋሼ ትንሿ ልጅ ባሕር ዳር ነርስነት እየተማረች ነው፤ የሁለት ዓመት ክፍያ ይቀራታል።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ገንዘቡን እኔ እንደምችለው በድጋሚ አነሳሁ። ጋሼ ድንቹን ከፍም ውስጥ እያገላበጡ፣ «አንቺ ዘንድሮ ላክሽ እንበል፤ ለከርሞስ? አንቺም ልጆች አሉሽ። እኔ ዛፍ የተከልሁ ሰው ነኝ፤ የምሸጠው ያለኝ ሰው ነኝ» አሉ። የጋሼ ባለቤት ቀና ብለው አዩኝና፣ «ተይ ልጄ፣ አታስጨንቂው። ይልቅ ነገ አብረሽው ገበያ ውረጂ» አሉኝ።

ገዢ ፍለጋ

በመጀመሪያው ቀን አዲስ ቅዳም ወርደን ደላላውን አገኘነው። ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ወረቀት አውጥቶ ሒሳቡን አሳየኝ። የቆራጭ፣ የአክሳይ፣ የማዳበሪያ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የማጓጓዣ ፈቃድ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጭነት ዋጋ። «ዋጋውን የሚበላው መንገዱ ነው እታለም፤ እኔ አይደለሁም» አለኝ። ትክክል ነበር። እንጨት ከሰል የሚሆነውም ለዚሁ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ከአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ ሩቅ ለመጫን ያዋጣል። ነገር ግን በአፈር በተሸፈነ ክምር ሲከሰል፣ ከአምስት ኪሎ ደረቅ እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ከተገኘ አክሳዩ ባለሙያ ነው። ቀሪው ጢስ ሆኖ ይሄዳል። ቀጫጭኑ እንጨትማ አብዛኛውን ጊዜ አመድ ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን ለቤት ሥራ የሚሆን እንጨት ወደሚሸጥበት ሄድን። ነጋዴው የያዝነውን ናሙና አገላብጦ አይቶ ሳቀ። «ይሄ ለማገር ካልሆነ ለቋሚ አይሆንም፤ ባህር ዛፍ እያለ ማን ጠማማ ይገዛል?» አለን። ለማገርና ለአጥር የሚሆን ጥቂት ቀጥ ያለ ብቻ እንደሚወስድ ነገረን። ያን ዕለት እኔም የራሴን ሞኝነት ሠራሁ። ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን እንጨት ፈጭቶ የሚጨፈልቅ ማሽን ለጋሼ በስልኬ አሳየኋቸው። በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ «መብራቱንስ አብሮ ይሸጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

መልሱ የመጣው ገዢ መፈለጋችንን በተውንበት ቀን ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በእንጅባራ ያከብረዋል። በዓድዋና በሌሎች ዘመቻዎች የተዋጉ አባቶችና ፈረሶቻቸው የሚታሰቡበት ቀን ነው። በቀይና በቢጫ ጥልፍ ያጌጡ ፈረሶች ሲጋልቡ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ በልጅነታቸው የጋለቡትን ፈረስ ስም እያነሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሕዝቡ ሲበተን ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ሻይ የምታፈላው ሴት በጢስ ዓይኗ ቀልቷል። እርጥብ ባህር ዛፍ ነው የምታነደው፤ በአህያ ያመጡላት። «ደረቅ የለም እንዴ?» አልኳት። «ደረቅ ማን ያመጣል? ሰው ዛሬ ቆርጦ ዛሬ ነው የሚሸጥ» አለችኝ። ዙሪያውን ተመለከትኩ። ጥብስ የሚጠብሰው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ከኋላ አረቄ አውጪዋ፣ ሁሉም እንጨት ያነዳሉ። አረቄ አውጪዋ እሳቷ ከንጋት እስከ ማታ እንደማይጠፋ፣ ደረቅ ፍልጥ በየሳምንቱ የሚያመጣላት ሰው ብታገኝ ጨምራ እንደምትከፍል ነገረችን።

ጋሼና እኔ ተያየን። ስለ ገዢ ስናስብ ሁልጊዜ የምናየው አዲስ አበባን ነበር። ገዢዋ ግን እግር መንገድ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ታነድ ነበር።

መለየት፣ ማድረቅ፣ መተባበር

በማግስቱ የስዊድኑን አዛውንት ሦስት ጥያቄዎች ለጋሼና ለስድስት ጎረቤቶቻቸው አነበብኩላቸው። ውፍረት፣ ርቀት፣ ድርቀት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሠሩት እነሱ ናቸው፤ እኔ የያዝኩት ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነበር።

ግንዱን በሦስት ለዩት። ከክንድ የወፈረው ለከሰል፣ ቀጥ ያለው ቀጭን ለማገርና ለአጥር፣ ጠማማውና መካከለኛው ለፍልጥ። ጭራሮው ለየቤቱ ምድጃ ቀረ፤ ቅጠሉም መሬቱ ላይ ተበተነ። ፍልጡ ከመሬት ከፍ እንዲል ድንጋይ ላይ ተረበረበ፤ ነፋስ እንዲገባበት በመካከሉ ክፍተት ተተወለት። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃ መጫን ደግሞ ኪሳራ ነው፤ ለሚያነደውም ጢስ ነው። አዊ ውስጥ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ፀሐይና ነፋስ ይህን ውሃ በነፃ ያወጣዋል። መድረቁ የሚታወቀው የፍልጡ ጫፍ ሲሰነጠቅና ሁለቱን ሲያጋጩት ጠንካራ ድምፅ ሲሰጥ ነው።

ሁሉም እንደታሰበው አልሄደም። አንዱ ጎረቤት የፍለጣው ድካም አልዋጥ ብሎት ለደላላው በቁሙ ሸጦ ወጣ፤ አልፈርድበትም፤ ገንዘቡ ያን ሳምንት ያስፈልገው ነበር። የመጀመሪያው ጭነትም ችኮላ ነበረበት። ገና ሳይደርቅ ተወስዶ አረቄ አውጪዋ ግማሹን መለሰችው። ጋሼ በስልክ ሲነግሩኝ አፍረው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ቬክሾ ተመልሻለሁ።

ሁለተኛው ጭነት ግን ደርቆ ሄደ። በአንድ ሜትር ዱላ እየለኩ፣ በክምር ሸጡት። አንዷ ገዢ ለሌላዋ ነገረች። ከሰሉን ደግሞ ስድስቱ በአንድ ላይ አከማችተው አንድ አይሱዙ የሚሞላ አደረጉት። ያው ደላላ መጣ። አሁን ግን እየዞረ ከየቤቱ አምስት አምስት ማዳበሪያ መልቀም የለበትምና፣ መኪናውን በአንድ ቦታ ሞልቶ ስለሚሄድ፣ በማዳበሪያ ጨምሮ ከፈለ። ጋሼ በመጨረሻ የያዙት ገንዘብ ለጤነኛ ዛፍ ይከፈል ከነበረው ያነሰ ነው። በቁሙ ቢሸጡት ከሚያገኙት ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። የልጅቷ ክፍያ ተከፈለ።

መንገዱ ሲዘጋ

ከዚያ ዓመት ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት ሳምንታት ይቆም ጀመር። እኔም ለብዙ ቀናት የጋሼን ድምፅ ሳልሰማ ቆየሁ። በመጨረሻ ሲደውሉ እንደ ልማዳቸው ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ እንጨቱ ጠየቅኳቸው።

«ከሰሉ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ መኪና የለም። ፍልጡ ግን በአህያም ይሄዳል» አሉኝ።

ጋሼ አሁን መሬታቸውን ሁሉ ለዲከረንስ አይሰጡትም። ግማሹን ድንችና ገብስ ዘሩበት። ምንጩ ዳር ቀርከሃ ተከሉ፤ እንጅባራ መንገድ ዳር ወንበር የሚሠሩት ልጆች ይገዙታል ብለው ነው። በቀረው ላይ ዲከረንስ አለ፤ ግን በአንድ ጊዜ አልተተከለም፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ገና ችግኝ ይሆናል ይላሉ። ይህን ማንም አልመከራቸውም።

እኔም አንድ ልማድ ለውጫለሁ። ከአገር ቤት የችግር ስልክ ሲመጣ መላክ ያለበትን እልካለሁ፤ ሕመም፣ ሐዘን፣ ረሃብ ቀን አይሰጡም። ነገር ግን «ስንት?» ከማለቴ በፊት «ምን የሚሸጥ ነገር አላችሁ? የሚፈልገው ሰው ማን ነው? ምን ያህል ይርቃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ሞክሩት። አንዳንዴ መልሱ ገንዘብ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ማስታወሻ ደብተርና አብሮ ገበያ የሚወርድ ሰው ይበቃል።

አዛውንቱ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ከማረፋቸው በፊት የጋሼን የፍልጥ ክምር ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ሰዓት ተመለከቱትና፣ «ከሥሩ ድንጋይ ማድረጉ ጥሩ ነው» አሉኝ። ለጋሼ ስነግራቸው ደስ አላቸው። «ሰውየው ሥራ ያውቃሉ» አሉ።